ነጩ በትር በላስታ ድንጋይ ላይ

(ድምፅ፦ የበትር ጫፍ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ግራ ቀኝ ሲነካ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይርቃል)



አሁን በአጠገባችን ያለፈው ሰው ማን እንደሆነ በድምፁ ብቻ ለዩት እስቲ። እረኛ አይደለም፤ የላስታ እረኛ በትሩን ማጅራቱ ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎበት ነው የሚሄደው። ምርኩዝ የያዙ አዛውንትም አይደሉም፤ ምርኩዝ የሰው ክብደት ስለሚያርፍበት ድምፁ የታፈነና የዘገየ ነው። ይህኛው ቀላል ነው። ግራ ነካ፣ ቀኝ ነካ፤ ግራ ነካ፣ ቀኝ ነካ። ማንም አልተደገፈበትም። ያለፈው ዓይነ ስውር ሰው ነው፤ መሪ ሳይዝ በገዛ እግሩ ወዳሰበበት እየሄደ ነው።

የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ በትር ነው። የከተማ ተማሪዎች ኬን ይሉታል፤ እኛ ነጭ በትር እንለዋለን። በላሊበላ ከተማ፣ በየገጠር ቀበሌው፣ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምትሰሙን ዓይነ ስውራን አድማጮቻችን፣ ነገሩ በቀጥታ የእናንተ ነው። ግን አጠገባችሁ ያለው ልጅም፣ ቡና የምታፈላው እናትም ጆሮ ይስጡን፤ ለእነሱም የምንለው አለን። ደግሞም ሬዲዮ ላይ ሁላችንም እኩል ነን፤ እዚህ የሚታይ ነገር የለም።

ላስታ የበትር አገር ነው። ገበሬው ዱላ ሳይዝ ገበያ አይወጣም። መንገደኛው ለውሻም ለዳገትም ዱላ ያነሣል። የቆሎ ተማሪው ከየኔታ ቤት ወደ የኔታ ቤት ሲዞር አኩፋዳና በትር አይለዩትም። ገና ሲሆን፣ ላሊበላ ላይ በቤተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ፣ በእጃቸው ያለው መቋሚያ ነው። ስለዚህ ዓይነ ስውር ሰው በትር ይያዝ ስንል ለዚህ አገር ባዕድ ነገር ይዘን አልመጣንም። በትሩ ድሮም አለ። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው።

በየመንገዱ የምናየውን አስታውሱ። ዓይነ ስውሩ አባት የበትሩን አንድ ጫፍ ይይዛሉ። ሌላውን ጫፍ የስምንት ዓመት ልጅ ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። መሪ ይባላል። ልጁ ሲቆም አባት ይቆማሉ፤ ልጁ ሲዘል በትሩ ይንቀጠቀጣል፣ አባትም አንድ ነገር እንዳለ ይገምታሉ፤ ድንጋይ ይሁን ቦይ ግን አያውቁትም። ልጁ ደግሞ ልጅ ነው። ጓደኞቹን ሲያይ ልቡ ይሄዳል። የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል እሱ ገበያ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው። በአንድ በትር ሁለት ሰው ታስሯል ማለት ነው፤ አንዱ ያለ ልጁ ደጃፉን አያልፍም፣ ሌላው ፊደል አይቆጥርም።

አሁን ያችው በትር በእጃችሁ እንዳለች ልጁ ጫፉን ይልቀቀው። ጫፉ ወረደ፤ መሬት ነካ። በቃ፣ ነጭ በትር ማለት ይህ ነው። ልጁ ይዞት የነበረውን ጫፍ መሬት ያዘው። ከእንግዲህ ድንጋይና ቦይ ካለ የሚነግራችሁ መሬቱ ራሱ ነው፤ መሬት ደግሞ ልቡ ወደ ጓደኞቹ አይሄድም።

ነጭነቱ ከየት መጣ ለምትሉ አጭር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1921 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ጄምስ ቢግስ የሚባል ፎቶ አንሺ በአደጋ ዓይኑን አጣ። በቤቱ አካባቢ መኪና በመብዛቱ ሰጋና ሾፌሮች እንዲያዩት ከዘራውን ነጭ ቀለም ቀባው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ በፓሪስ ጊሊ ዴርበሞን የተባለች ሴት ለዓይነ ስውራን ነጭ በትር የማደል ዘመቻ ጀመረች። ያ ሁሉ ግን ለሌላው ሰው ዓይን የተሠራ ምልክት ነበር፤ ሾፌሩ አይቶ እንዲጠነቀቅ። በበትሩ መሬት መጠየቅን በሥርዓት ያስተማረው ሪቻርድ ሁቨር ነው። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ዓመቱ 1944 ነበር። በአሜሪካ ቫሊ ፎርጅ በተባለ የጦር ሆስፒታል፣ በጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች አጭሩን ከዘራ ይዘው ሲደናቀፉ አየ። በትሩን አስረዘመው፣ አቀለለው፣ አወዛወዙንም ቀመረለት። ዛሬ በዓለም የሚሠራበት ዘዴ መነሻው እሱ ነው። ጥቅምት 5 ቀን የነጭ በትር ቀን ሆኖ የሚከበረውም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 ከታወጀ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ነጭ ቀለም አንድ የላስታ ጉዳይ ላንሣ። ነጩ በትር ጎልቶ የሚታየው ሰው ቀለም ለብሶ በሚሄድበት አገር ነው። በገና ዋዜማ ላሊበላ ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ ነጠላና ጋቢ ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ከበትሩ የታችኛውን ክፍል ቀይ ቀለም መቀባት፣ ማታ ለሚንቀሳቀስ ደግሞ ብርሃን የሚመልስ ፕላስተር መጠቅለል ይበጃል። በፋብሪካ ከሚሠሩትም ብዙዎቹ ግርጌያቸው ቀይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። በትሩን ከፊታችሁ አቁሙት፤ ጫፉ መሬት ላይ ሆኖ አናቱ የደረታችሁን አጥንት መድረስ አለበት። ይህ መነሻ ልክ ነው። ፈጣን ሰዎች እስከ አገጭ የሚደርስ ይመርጣሉ፤ በእኔ ግምት ለላስታ ቁልቁለትም ትንሽ ረዘም ያለው ይሻላል፤ ቁልቁል ላይ መሬቱ ከፊታችሁ ይሸሻልና። ወገብ ላይ የሚቀር ከዘራ ግን አይሆንም። እንቅፋቱን የሚነግራችሁ እግራችሁ ከመታው በኋላ ነው።

ክብደቱ ቀላል ይሁን። ወይራ ለምርኩዝ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሁለት ሰዓት ስታወዛውዙት አንጓችሁ ይዝላል። የሚገዛው ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበር የተሠራ ነው፤ የሚታጠፈው በመሐሉ ላስቲክ ስላለው ሲለቁት ራሱ ቀጥ ይላል። ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ ታጥፎ ይቀመጣል። ይህ እስኪገኝ ግን ቀጥ ያለ፣ የደረቀ ቀጭን ቀርከሃ ነጭ ቀለም ቀብቶ መጀመር ይቻላል። አይታጠፍም እንጂ መልእክት ያደርሳል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ሰው ስትጨብጡ እንደምትዘረጉት አድርጋችሁ እጃችሁን ዘርጉ፤ በትሩ በመዳፋችሁ ይረፍ፣ ሌባ ጣታችሁ በበትሩ ላይ ተዘርግታ ትተኛ። ያች ጣት ቁም ነገር ናት፤ የመሬቱን ንዝረት የምትሰማው እሷ ናት። እጃችሁ እምብርታችሁ ፊት፣ ከሰውነታችሁ ትንሽ ራቅ ብሎ ይሁን። ወደ ቀኝ ከሸሸ የግራ እግራችሁ ጠባቂ አጣ ማለት ነው። ሆዳችሁ ላይም አትለጥፉት፤ ጫፉ በድንጋይ መካከል ሲሰነቀር እጀታው ሆድ ይወጋል። ኮብልስቶን ላይ የሄደ ሁሉ ይህን በሆዱ ያውቀዋል።

ከዚያ አንጓችሁን ብቻ እያንቀሳቀሳችሁ ጫፉን ከትከሻችሁ ስፋት ጥቂት ጣት እስኪያልፍ ግራና ቀኝ አድርሱት። ግራ እግር ሲነሣ ጫፉ ቀኝ ይነካል፤ ቀኝ እግር ሲነሣ ጫፉ ግራ ይነካል። ለምን? የሚቀጥለው እርምጃ የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ ጠይቆ እንዲጠብቅ ነው። መጀመሪያ ይምታታል፤ እስክስታ እንደሚለማመድ ሰው ትከሻና እግር አልስማማ ይላሉ። በእግር መቁጠር ትታችሁ በዜማ ያዙት፤ ቶሎ ይገባል።

አሁን ሦስት ድምፅ እናሰማችኋለን። አትቸኩሉ።

(ድምፅ፦ ጫፉ ኮብልስቶን ላይ)

ይህ ኮብልስቶን ነው፤ ጠንካራ፣ የሚቆራረጥ።

(ድምፅ፦ ጫፉ በተረገጠ አፈር ላይ)

ይህ አፈር ነው፤ ድምፁ ይዋጣል። ከኮብልስቶን ወደ አፈር ከተለወጠ ዋናውን መንገድ ለቃችኋል።

(ድምፅ፦ ጫፉ በቦይ ክዳን ላይ፤ ከሥሩ ባዶ)

ይህኛውን ልብ በሉ። ከሥሩ ባዶ ነው። የቦይ ክዳን ነው፤ አንዱ ክዳን ካለ ቀጣዩ ላይኖር ይችላል። እዚህ ላይ ጫፉን አታንሡ፤ መሬቱን እየዳሰሰ ይሂድ።

በዚህ አገር ከሁሉ በላይ መለማመድ ያለበት የጠርዝ ነገር ነው። በትር በግራ በቀኝ ሲነካ የሚመልሰው መልስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ «ነገር አለ» የሚል፣ ሌላው «ነገር የለም» የሚል። ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፤ ድንጋይ፣ ግንድ፣ የቆመ ባጃጅ። የሚገድለው ግን ሁለተኛው ነው። ቤተ ጊዮርጊስን አስቡት። ከላይ ሜዳ ነው፤ ሰው በነጻ ይንሸራሸራል። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበት የተፈለፈለ ጉድጓድ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ይጠልቃል። እንዲህ ባለ ቦታ፣ በእርከንና በገደል አፋፍ፣ እንደ ሜዳ መንገድ ጫፉን እያነሡ መንካት አይበቃም። ጫፉ ከመሬት ሳይነሣ ግራ ቀኝ እየተጎተተ ይጥረግ። ጫፉ ወደ ባዶ ከወረደ እግር እዚያው ይቁም። ግማሽ እርምጃ እንኳ አይጨመርም። ቁሙ፣ ክብደታችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ ከዚያ ጥልቀቱን በጫፉ ለኩ። ደረጃ ነው? ቦይ ነው? ወይስ ጫፉ የሚነካው የለም?

ደረጃ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ስትወርዱ ጫፉ ከእናንተ አንድ ደረጃ ቀድሞ ይውረድ፤ ጫፉ ዝቅ ማለቱን ሲያቆም ደረጃው አልቋል፣ አንድ እርምጃ ይቀራችኋል። ስትወጡ በትሩን እንደ እስክሪብቶ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጫፉ እያንዳንዱን ደረጃ እየገጨ ይሄዳል፤ የሚገጨው ሲያጣ የደረጃው አናት ላይ ናችሁ። የላሊበላ ደረጃዎች ግን እኩል አይደሉም፤ አንዱ ስንዝር፣ አንዱ ክንድ ነው። በአዲስ አበባ ሕንፃ ውስጥ የተለማመደ ሰው እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ ይናደዳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል፤ ንጉሥ ላሊበላ ግን አዋጁ ሳይደርሳቸው ነው አብያተ ክርስቲያናቱን ከአለት የፈለፈሉት። እዚህ ያለው መፍትሔ ቀስ ማለት ነው።

አንድ በትሩ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ከወገብ በላይ ያለውን አያውቅም። የተንጠለጠለ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የጎጆ ክዳን ጫፍ፣ የጭነት መኪና ጀርባ። የአብያተ ክርስቲያናቱ በሮችና መተላለፊያዎችም ዝቅ ያሉ አሉ። እንዲህ ሲጠረጠር ነጻው ክንድ ግንባር ፊት ተሻግሮ ይያዝ፤ መዳፍ ወደ ውጭ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እግር ነው። ግማሹ ትምህርት ግን የት እንዳላችሁ ማወቅ ነው፤ አሠልጣኞች የአካባቢ ልየታ የሚሉት። በዚህ በኩል ላሊበላ የምትከብደውን ያህል ትረዳለች። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት፤ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በተራራ ወገብ ተቀምጣለች። ጉልበታችሁ ዳገትና ቁልቁለቱን ይነግራችኋል፤ ዳገቱ ወዴት እንደሆነ ካወቃችሁ ከተማው ተነበበ ማለት ነው። ሜዳ ከተማ ላይ ይህ ዕድል የለም። ጠዋት ፀሐይ ጉንጫችሁን የምትነካበት ጎን ምሥራቅ ነው። ወፍጮ ቤቱ ሲያጓራ ከሩቅ ይሰማል። ዳቦ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ባሕር ዛፍ የሚነድበት ግቢ፣ ሁሉም የሽታ አድራሻ አላቸው። ባጃጅ ደግሞ የሚያስቸግረውን ያህል ዋናው መንገድ የት እንደሆነ እየጮኸ የሚናገር ነው። እዚህ ላይ አንድ አዲስ ሥጋት ልጠቁም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። እሱ ደግሞ ቀስ ሲል ድምፅ የለውም። ጆሮውን ለሚያምን እግረኛ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ በትሩን ከፍ አድርጎ ማሳየትና ሾፌሩ እስኪቆም መጠበቅ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ስትወርዱ ግድግዳው ራሱ መንገድ ይመራል። የተፈለፈለው ቦይ በግራም በቀኝም አለት ነው፤ በትሩን አንዱን ግድግዳ እያስነካችሁ ብትሄዱ አትጠፉም። የጫፉን ድምፅ አድምጡ፤ ጠባቡ ውስጥ ሳላችሁ ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል፣ ወደ ግቢው ስትወጡ ይበተናል። ቤተ ክርስቲያን መድረሳችሁን በጆሮ አወቃችሁ ማለት ነው። ከዚያ ጫማ ይወልቃል፤ እግር ደግሞ ሌላ በትር ነው። አሠራሩም አያሳስትም፤ መቅደሱ በምሥራቅ ነው፣ ዋናው በር በምዕራብ። ይህን የሚያውቅ ምእመን የማያውቀው ደብር ቢገባ እንኳ ዞሮ መቆሚያውን ያገኛል።

በትር ይዞ ቤተ መቅደስ መቅረብ ነውር ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችሁ ይሆናል። በትሕትና መልሱላቸው። ማኅሌቱ ላይ የቆሙት ሊቃውንት ሁሉ በእጃቸው ምን ይዘዋል? መቋሚያው ለእነሱ ድካም ከተፈቀደ፣ ይህኛው ለእናንተ መንገድ የማይፈቀድበት ምክንያት አይገባኝም። በሕዝብ መካከል ግን ጨዋ ሁኑ፤ በትሩን አቁማችሁ ወደ ደረታችሁ አስጠጉት፣ ጫፉ ከእግራችሁ ፊት አይራቅ። ሰው በሞላበት ግራ ቀኝ ማወዛወዝ የሰው ቁርጭምጭሚት ፍለጋ ነው።

ከአብያተ ክርስቲያናቱ በሁለቱ፣ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ መርቆሬዎስ መካከል፣ ጨለማ ዋሻ አለ። አስጎብኚዎች የሲኦል ምሳሌ ይሉታል። መብራት አጥፍቶ ማለፍ ልማድ ነው። ዓይናማው ሁሉ እዚያ ሲገባ ምን ያደርጋል? አንድ እጁን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ ሌላውን ከራሱ በላይ ያነሣል፣ በእግሩ ጣት መሬቱን ይፈልጋል፣ የፊተኛውን ሰው ድምፅ ይከተላል። ማንም አላስተማረውም። ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ ይስቃል። ዓይነ ስውር ሰው አብሮት ቢኖር ኖሮ ግን በዚያች ዋሻ ውስጥ መሪው እሱ ይሆን ነበር፤ ለእሱ ዋሻውም ውጭውም አንድ ነው፣ ግድግዳ ያለው ዋሻ እንዲያውም ይቀለዋል።

አሁን ተራው የቤተሰቡ ነው። ሰው ሲመራ እጁን ጨብጦ መጎተት፣ ወይም ከኋላ ትከሻውን ይዞ እንደ ጋሪ መግፋት፣ ሁለቱም ልክ አይደለም። ይልቅ ለዓይነ ስውሩ አባት ክንዳችሁን ስጧቸው። እሳቸው ከክርናችሁ በላይ ይያዙ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሁኑ። ሰውነታችሁ ሲወርድ ቁልቁለቱን፣ ሲዞር መታጠፊያውን ያውቃሉ፤ ሲፈልጉም ይለቃሉ። መለያው ይህ ነው፤ መያዝና መልቀቁ የእሳቸው ነው። መመራት ራሱ ሐፍረት አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ወርቅ ያመጣችልን ዓይነ ስውሯ አትሌት ያየሽ የሮጠችው ከመሪ ሯጭ ጋር በገመድ ተያይዛ ነው። ማንም ግን እሱ ሮጠላት አይልም።

አነጋገራችሁንም አስተካክሉ። «እዚያ ጋ ነው»፣ «በዚህ በኩል ና» ለዓይነ ስውር ሰው ምንም አልነገረም። «በስተቀኝዎ ሁለት እርምጃ ላይ ቦይ አለ» ይባል። አንዳንድ አሠልጣኞች በሰዓት አቅጣጫ ንገሩ ይላሉ፤ በእኛ አገር ግን ይህ ነገር ያጣላል። «ሦስት ሰዓት ላይ» ሲባል አንዱ በቀኙ ይፈልጋል፣ ሌላው አጭሯ ዘንግ ዘጠኝ ላይ መሆኗን አስቦ በግራው። ግራና ቀኝ ይበቃናል።

ሌላም አለ። በትር ይዞ የቆመን ሰው አይቶ ሳይጠየቅ መዳፉ ላይ ሳንቲም ማኖር። ደግነት ነው፣ ይገባኛል። ግን ሰውዬው ባጃጅ እየጠበቀ ይሆናል፤ ምናልባት ከሰጪው የተሻለ ደመወዝተኛ ነው። ሰላም በሉት፤ እርዳታ ከፈለገ ይነግራችኋል።

የሚከብደው ግን የእናት ነገር ነው። «ይወድቅብኛል» ትላለች። አዎ፣ ይወድቃል። ዓይናማ ልጇም እረኝነት ሲወጣ ጉልበቱን ሳይልጥ አላደገም። ዓይነ ስውሩን ልጅ ጓዳ አስቀምጦ ማሳደግ ከመውደቅ አያድነውም፤ ውድቀቱን ወደ ሠላሳ ዓመቱ ያስተላልፍበታል፤ የዚያን ጊዜ ደግሞ አጥንት ይከብዳል። የትነበርሽ ንጉሤን ሁላችሁም ስሟን ሰምታችኋል። ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጣች። ቤተሰቦቿ ግን አልደበቋትም፤ ከወሎ እስከ ሻሸመኔ ካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ድረስ ላኳት። ሕግ ተማረች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። ዓይኗን ማጣቷ በአካባቢው ከነበረው ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናት ራሷ ደጋግማ ትናገራለች። የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ነገር ነው፤ የማትረባ ተብላ በመታለፏ ተማረች።

ከዚያም በፊት ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዓይነ ስውር በሩን ዘግቶ አያውቅም። ከዚሁ ከላስታ ጎረቤት ዋድላ የቅኔ ቤት ናት፤ ቅኔ በጆሮ ተሰምቶ በልብ ይቆጠራል፣ ብራና አይፈልግም። በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡት አለቃ አያሌው ታምሩ የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ እስከ መሆን ደርሰዋል። ዕውቀቱ ሳይከለከል መንገዱ ግን እስካሁን በመሪ ልጅ ትከሻ ላይ ነው የቆየው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 ስለዚሁ ይናገራል፤ ሰው በተቻለ መጠን በራሱ እንዲንቀሳቀስ መሣሪያውም ሥልጠናውም እንዲደርሰው። በትር ብቻ አድሎ መሄድ ግማሽ ሥራ ነው። ሳያስተምሩ ቢሰጡት ምርኩዝ ሆኖ ይቀራል ወይም ጣሪያ ሥር ይሰካል።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። በትር ከመያዛችሁ በፊት ዓይናችሁን በሐኪም አስመርምሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሹ ገደማ በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ትራኮማ ደግሞ የዓይነ ስውርነቱ 11.5 በመቶ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል፤ በሽታው ከሁሉ የበረታበት ክልል የእኛው አማራ ነበር። እሱም ሽፋሽፍቱ ታጥፎ ብሌኑን ሳይፍቅ ቢደርሱበት ይታከማል። ጥቂት የሚያዩ ሰዎችም ነጭ በትር ይይዛሉ፤ በተለይ ማታና በደረጃ ላይ። «አያይም» ለመባል ብቻ የሚያዝ ዕቃ አይደለም።

የዚህ ሳምንት ልምምዳችሁ እነሆ። ከቤታችሁ ደጃፍ እስከ አጥሩ በር። ከዚያ አታልፉም። እርምጃ አትቁጠሩ፤ ምልክት ሰብስቡ። ጫፉ የት ላይ ድምፅ ለወጠ? የቱ ጋ መሬቱ ዘነበለ? የዶሮው ቆጥ በየት በኩል ሸተተ? በቀን ሦስት ጊዜ ሂዱ፣ ተመለሱ። ክረምት ከሆነ ጭቃው ጫፉን ይይዛል፤ ጥረጉትና ቀጥሉ። መሪው ልጅ ከእናንተ ጋር አይሂድ፤ ደጃፍ ላይ ይቀመጥ። ቀኝ ግራ እያለ አይጣራ። ደብተሩን ይዞ ቢቀመጥ ደግሞ የተሻለ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ከአጥሩ በር እስከ ወፍጮ ቤት እንሄዳለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።

(ድምፅ፦ የበትር ጫፍ በአፈር ላይ፤ ይቆማል፤ የአጥር በር ሲከፈት ይሰማል)